የዕቁብ ገንዘብ የኤሊ ዋጋ ሲባል

በ2024 ጥር ወር በኢሜይል የደረሰኝ የግብር ውሳኔ ከ2019 እስከ 2023 ያሉትን አምስት ዓመታት እንደገና የሚያሰላ ነበር። (ዓመቶቹን ሆን ብዬ እንደ ፈረንጅ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱ ኋላ ይገባችኋል።) በዚያ ስሌት እኔ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ በየዓመቱ ከስድስት ሚሊዮን ሽልንግ በላይ የኤሊ ጫጩት የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የመጨረሻውን ገጽ ድምር አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ ወረቀት እንዴት እንደወጣን እመሰክራለሁ። ናይሮቢ ውስጥ በስልኩ ዕቁብ የሚሰበስብ፣ ለታመመ ወገን መዋጮ የሚቀበል ሐበሻ ብዙ ነውና የሚጠቅመው አይጠፋም።

ኤሊዎቹ የአማቴ ነበሩ። ባለቤቴ ኬንያዊ ነው፤ አባቱ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ሲወጡ፣ ፓርክላንድስ ገና ሰፋፊ ግቢ የሞላበት ሰፈር ሳለ፣ ፈቃድ አውጥተው ነብርማ ኤሊ ማርባት ጀመሩ። ቅርፊቷ እንደ ስሟ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። ዛሬ ዙሪያችንን ፎቅ ከቦናል፤ የጠዋት ፀሐይ የምትደርሰን አርፍዳ ነው፤ ደሙን በፀሐይ ለሚያሞቅ እንስሳ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አማቴ ሲያርፉ ሥራው ወደ እኔ ዞረ። አገሬ እያለሁ በተሳቢ እንስሳ ላይ የተመሠረተ ሥራ ሲባል የማውቀው የአርባ ምንጩን የአዞ እርባታ ብቻ ነበር፤ እሱ የመንግሥት ስለሆነ ስለ ግብር የሚያስተምረኝ ነገር አልነበረውም።

ኬንያ በዚህ ጉዳይ የማትቀልድ አገር ናት። በ1977 አደንን ከለከለች፤ በተከታዩ ዓመት የዱር እንስሳት ውጤቶችን ንግድ ዘጋች። ዛሬ በ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ማርባት የሚቻለው ከኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት በሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ነብርማ ኤሊ በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከአገር ስትወጣ ሌላ ፈቃድ ይጠየቅላታል። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የምትኖረው ጠፍጣፋ ዘመዷ በ2019 ወደ አንደኛው ዝርዝር ከፍ ብላ ከዱር ተይዛ መነገዷ ጭራሽ ቀርቷል። «ለትንሽ እንስሳ ማን ይጨነቃል» የሚል ካለ የ2025ቱን የጉንዳን ነገር ያስታውስ፦ ሁለት የ19 ዓመት ቤልጂጎች፣ አንድ ቬትናማዊና አንድ ኬንያዊ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉንዳኖችን በየብልቃጡ አሽገው ተይዘው እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ወይም አንድ ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። ጉንዳን ነው የምላችሁ!

ስለዚህ የእንስሳ መዝገብ መያዝን አማቴ እንደ ጸሎት ነው ያስተማሩኝ። የትኛዋ እናት መቼ ጣለች፣ ስንት እንቁላል፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንቱ ሞተ፣ የቀረው ለማን ተሸጠ። ነብርማ ኤሊ በአንድ ጊዜ ከአምስት እስከ ሠላሳ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን ለመፈልፈል ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ወር ሊወስድ ይችላል። ጫጩቷም ወዲያው አትሸጥም፤ ቅርፊቷ እስኪጠና እናሳድጋታለን። ዛሬ የገዛሁት ሳር ገንዘብ ሆኖ የሚመለሰው፣ ከተመለሰ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የግብሩ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚወሳሰበው። የዓመት ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን ሽልንግ የበለጠ ነጋዴ የሽያጭ ግብር የሚባል አለበት፤ በ2020 ሚያዝያ ወደ አንድ በመቶ ወርዶ ነበር፣ ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ሦስት በመቶ ሆኗል። በየወሩ ይታወጃል፣ እስከተከታዩ ወር 20ኛ ቀን ይከፈላል። ቀላል ይመስላል፤ ግን የሚቆረጠው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው፤ የሞተው ጫጩት፣ የሁለት ዓመቱ ሳር፣ የማሞቂያው መብራት አይታሰቡም። ከአንድ ሚሊዮን በታች የሆነ ደግሞ በተራው የገቢ ግብር ይስተናገዳል፤ ወጪ ይቀነስለታል፣ በዓመት 28,800 ሽልንግ የግል ቅናሽም አለው። የመጀመሪያው እርከን አሥር በመቶ ስለሆነ የዓመት ትርፉ 288,000 ያልሞላ ሰው ምንም ላይከፍል ይችላል። እኛ ከሚሊዮኑ በላይ የወጣነው በአንዱ ዓመት ብቻ ነበር፤ በ2020 መጋቢት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሲቆሙማ ጭነታችን ግቢ ውስጥ ቀርቶ ስንቀልበው ከረምን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሽያጭህ በዓመት አምስት ሚሊዮን ሲሞላ ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ግዴታ ነው፣ 16 በመቶ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

የዓመት ማስታወቂያዬን የሚሞላልኝ አንድ ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ናይሮቢ ውስጥ ከየሳይበር ካፌው ኮምፒውተር ኋላ እንደሚቀመጡት ነው፤ የግብር መለያ ቁጥር (ፒን) ያወጣል፣ አይታክስ በሚባለው የግብር ድረ ገጽ ያስገባል፣ ክፍያውን ይቀበላል። በየዓመቱ ሰኔ 30 ሳይደርስ የሽያጩን ዝርዝርና ገንዘቡን እሰጠዋለሁ፤ «ተቀብለናል» የሚል ወረቀት ያትምልኛል። በወረቀቱ ላይ የገባው ቁጥር ባዶ ነበር። እነሱ «ኒል» ይሉታል፦ ገቢ የለኝም ማለት ነው። ለአምስት ዓመት ገቢ የለኝም ብዬ አስታውቄያለሁ፤ በእኔ ስም የተላከው ጭነት ግን በጉምሩክ ተመዝግቧል። ጉምሩኩና ግብሩ ደግሞ በኬንያ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሰውየው ስልኩን አጥፍቶ ከሰፈሩ ጠፋ፤ ፖሊስ ጋ አመለከትኩ፣ ቁጥር ተሰጠኝ፣ እስካሁን ያለኝም ያ ቁጥር ነው።

ባዶውን ማስታወቂያና የጉምሩኩን መዝገብ ያስተያየ የግብር ሠራተኛ ምን ያድርግ? ሕጉ የሚፈቅድለትን አደረገ፦ ኤምፔሳ ወደሚባለው የስልክ ገንዘቤና ወደ ባንክ ሒሳቤ የገባውን ገንዘብ ሁሉ ደመረ፣ ሽያጭ ብሎ ጻፈ። በግብር ክርክር ማስረዳት ያለበት ግብር ከፋዩ ነው። እኛ አገር በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ እስኪዘጋ ድረስ ሰው የጮኸው ገማቹ ሱቁን አየት አድርጎ ስለሚሄድ ነበር። የእኔ ገማች ሱቅም አላየ፤ ያየው ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ውሸት አልነበረውም። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቷል።

ገንዘቡ የዕቁብ ነው። ከእኔ ሌላ ሠላሳ ሰው፣ አብዛኛው ኢስሊ ሰፈር የሚኖር፣ በየእሑዱ አራት አራት ሺህ ሽልንግ ወደ ስልኬ ይልካል፤ በሳምንት 120,000፣ በዓመት 6,240,000። ለባለ ዕጣው በዚያው ማታ ወይም በማግስቱ ይወጣል። በ2020 ግንቦት በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ኢስሊ መግባትም መውጣትም ሲከለከል ዕቁቡ ያልፈረሰው በዚሁ መስመር ነው። አሁን ያን አምስት ሚሊዮን አስታውሱ። ዕቁቡ ሽያጭ ሲባል እኔ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ሳልመዘገብ የኖርኩ ትልቅ ነጋዴ ሆንኩ፤ የአንድ ዓመት ዕቁብ 16 በመቶ ብቻውን አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በላዩ በጊዜ ላልተከፈለው አምስት በመቶ ቅጣት፣ በየወሩም አንድ በመቶ ወለድ አለ። ግቢው ቢሸጥ እንኳ አማቴ ፊት ምን ይዤ ልቆም ነበር?

ተቃውሞ የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ካላቀረብክ ዕዳው ይጸናል፤ ከጸና በኋላ መሥሪያ ቤቱ ባንኩን ወይም የስልክ ገንዘብ ድርጅቱን «ያለውን ለእኔ አስተላልፍ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይህኛው ነው። እሑድ ማታ ስልኬ ላይ ያለው ገንዘብ የእኔ አይደለም። የቤት ሠራተኛዋ፣ የጫት ነጋዴው፣ የባለ ፀጉር ቤቷ ነው። ዕቁቡን በዚያው ሳምንት አስቆምኩ። የዕቁባችን ጸሐፊ ሁላችን «እማማ» የምንላቸው ሴት ናቸው፤ ኢስሊ ቤታቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ ደብተሩን ፈልጌ ነበር።»

«የትኛውን? ያለቀውን ነው ያሁኑን?»

«ያለቁትንም ሁሉ።»

«ምነው ልጄ፣ ሰው ካደሽ እንዴ?»

«ሰው አይደለም፣ የግብር ጉዳይ ነው። የዕቁቡን ገንዘብ ሽያጭ ነው ብለውኛል።»

«ሽያጭ! እኛ ምን ሸጥን?» አሉና አልጋው ሥር ጎንበስ ብለው የብረት ሳጥን ጎተቱ።

ደብተሮቹ ሁሉ ነበሩ። ሰውን ከሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፦ ያ በኮምፒውተር የሚሠራው ባለሙያ አንድ እውነተኛ መስመር አልጻፈልኝም፤ እማማ ግን በትምህርት ቤት ደብተር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ማን መቼ እንደከፈለ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ ሳያዛንፉ ይዘውታል። ለግብር ብለው አይደለም፤ ዕቁብ ያለ ደብተር ጠብ ስለሆነ ነው።

ችግሩ ደብተሩ በአማርኛ፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነበር። መሐላ የሚፈጽም ተርጓሚ ቀጠርን፤ ከኤምፔሳ ዝርዝሩ ጋር መስመር ለመስመር ልናመሳክር ተቀመጥን። የቆየው ዝርዝር ከስልክ ስለማይወጣ በማመልከቻ ነው የተገኘው፤ የታተመው ክምር ምግብ ጠረጴዛችንን ሞላው፣ ቤተሰቡ ለሳምንታት በጭኑ ላይ በላ። ልጆቼ አማርኛ ቁጥር ማንበብ የለመዱት ያኔ ነው፤ እማማ አንዳንዱን በግዕዝ ቁጥር ጽፈውት ነበር።

በመጀመሪያው ዙር የ2019 መጨረሻ አልገጠመም። ደብተሩ «ጥቅምት 16 ቀን 2012» ይላል፤ ተርጓሚው በለመደው ቀመር ጥቅምት 26 ቀን 2019 አድርጎታል፤ ኤምፔሳው ግን ጥቅምት 27 ይላል። አንድ ቢሆን የእጅ ስሕተት ነው ይባላል፤ ይኼ ግን ከመስከረም እስከ የካቲት ሁሉም መስመር በአንድ ቀን ወደኋላ ቀርቷል። ያንን ይዘን ብንቀርብ፣ ደብተሩ ለክርክር ብለን ቁጭ ብለን የጻፍነው ይመስላል። የፈታው የዕቁቡ ቀን ነው። ዕቁባችን የእሑድ ነው፤ የተርጓሚው ጥቅምት 26 ግን ቅዳሜ ይውላል። ለካስ በእኛ 2011 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች 2012 የገባው መስከረም 11 ሳይሆን መስከረም 12 ነበር፤ ከዚያ እስከ ፈረንጁ የካቲት 29 ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። በ2015ም እንዲሁ ነው። ተርጓሚው አፍሮ ሁለቱንም አስተካከለ፤ እሑዶቹ እሑድ ላይ ዋሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የላኩት ብቻ በኤምፔሳ ሰኞ ሆነው ቀሩ፤ ሰዓታቸውን ከጎን ጻፍን።

ያልጠበቅነው ረዳት የስልክ ገንዘቡ የራሱ ገደብ ሆነ። እስከ 2020 መጋቢት ድረስ በአንድ ጊዜ ከ70,000 ሽልንግ በላይ መላክ አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ በ2019 ለባለ ዕጣው የወጣው ገንዘብ ሁሉ በሁለት የተከፈለ ነው፣ ደብተሩም «በሁለት ተላከ» ይላል። ከመጋቢት በኋላ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ይህንን ማንም በኋላ ተቀምጦ አይፈጥረውም።

የሕክምና መዋጮው ጉዳይ ይከብድ ነበር። በ2022 ከአዲስ አበባ ለሕክምና መጥተው በሰፈራችን ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ የተኙ አንድ አባት ነበሩ፤ መዋጮው ከየአቅጣጫው ወደ እኔ ስልክ ገባ፣ ከእኔ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ደብተር አልነበረም፤ በችኮላ የተደረገ ነገር ነው። የሆስፒታሉ የክፍያ ደረሰኝ ግን በበሽተኛው ልጅ እጅ ነበር፣ ልጁ ከአዲስ አበባ ላከልን። ከመቶ ሽልንግ እስከ ሃያ ሺህ የላኩ ሰዎችን አንድ በአንድ ደውዬ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ጠየቅሁ። ብዙዎቹ ጻፉ። አንዳንዱ «ግብር» የሚል ቃል ሲሰማ ቁጥሩን ዘጋ። አልፈርድም፤ ወረቀቱ የሌለው ሰው ስሙ መንግሥት ጋ እንዲደርስ አይፈልግም። የእነሱ ገንዘብ ሳይረጋገጥ ቀረ።

የመጨረሻው ማስረጃ የአማቴ ትምህርት ነው። ለዱር እንስሳት አገልግሎት የምናቀርበው መዝገብ በአምስቱ ዓመት ስንት ጫጩት እንደተፈለፈለ፣ ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ በፈቃድ እንደወጣ ያሳያል። በውሳኔው የተጻፈውን ገንዘብ ለማግኘት በመዝገቡ ካለው ብዙ እጥፍ ኤሊ መሸጥ ነበረብኝ፤ ያልተፈለፈለ ኤሊ ደግሞ አይሸጥም። ለአንዱ መሥሪያ ቤት ብለን የያዝነው ደብተር በሌላው መሥሪያ ቤት ፊት ቆሞ ተከራከረልን። በእኔ እምነት ዋናውን ሚዛን የደፋው ይኼ ነው፤ ባለቤቴ ግን ዛሬም እሑዶቹ ናቸው ይላል።

ተቃውሞው ሲቀርብ ያልተከራከርንበትን ግብር መክፈል ወይም የክፍያ ስምምነት መያዝ ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ተቃውሞው ዋጋ የለውም። እውነተኛውን የኤሊ ሽያጭ አስልተን፣ ሌባው የበላውን ደግመን ከፈልን። ማስረጃውን የመረመረችው ሠራተኛ ወጣት ናት፤ ደብተሮቹን ኦሪጅናሉን ካላየሁ አለች፣ አመጣንላት። ስለ ዕቁብ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም፤ ኬንያዊ ቻማ የሚለው የራሱ ዕቁብ አለው። የጠየቀችው ሌላ ነው፦ «ዕጣው ለሰብሳቢዋ የወጣ ጊዜስ?» ብላ የእኔን ሳምንታት ለብቻ አየች፤ ያዋጣሁት ከደረሰኝ ጋር እኩል መሆኑን አስልታ አለፈችው። ሕጉ ለመልስ 60 ቀን ይሰጣል፤ መልሱ ሚያዝያ ላይ መጣ። ዕቁቡ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱም አብሮት ወደቀ። ከመዋጮው ያልተረጋገጠው ክፍል፣ ላኪያቸው ካልታወቀ ጥቂት ገቢዎች ጋር፣ ገቢ ሆኖ ቀረብኝ። የሳር ወጪያችንም ደረሰኝ ስለሌለው አልተቀነሰም። ወደ ግብር ይግባኝ ሰሚ ችሎት ለመሄድ ሌላ 30 ቀን ነበረን፤ ጠበቃው የሚጠይቀውን ከቀረው ዕዳ ጋር አስተያይተን ተውነው።

ቅጣቱንና ወለዱን ያነሳልን የምሕረት አዋጅ ነው። የ2023ቱ የፋይናንስ ሕግ እስከ 2022 መጨረሻ ያለውን ዋናውን ግብር እስከ 2024 ሰኔ 30 ለከፈለ ሰው ቅጣትና ወለዱን ይምር ነበር። ገንዘቡን አሰባስበን የጨረስነው በዚያው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ማክሰኞ ሰኔ 25 አዲሱን የግብር ረቂቅ የተቃወሙ ወጣቶች ፓርላማ ገቡ፣ ሰው ሞተ፤ በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ከተማው በግብር ምክንያት ሲነድ እኛ መስኮት ዘግተን ግብር ስንከፍል ነበር። ባለቤቴ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የክፍያ ቁጥሩን ያነበበልኝ። የ2023ቱ ቅጣት በዚያ ምሕረት አልተሸፈነም ነበር፤ በ2024 ታኅሣሥ የወጣው ማሻሻያ እስከ 2023 መጨረሻ ሲያራዝመው እሱም ተነሣልን።

ዕቁቡ ቀጥሏል፤ ገንዘቡ ግን በእኔ ስልክ አይገባም፣ ሦስት ሰው የሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ተከፍቶለታል። ኤሊዎቹ ኢቲምስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ይሸጣሉ። ያልተፈታው ሳሩ ነው። ከ2024 ጀምሮ የኢቲምስ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይቀነስም፤ በጋሪ እየገፋ ሳር የሚያመጣልን ሰው ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ያው የ2024 ታኅሣሡ ማሻሻያ ለእንዲህ ያለው ትንሽ ሻጭ ገዢው ራሱ ደረሰኝ እንዲቆርጥ ፈቅዷል፤ ለዚያ ግን የሻጩ ፒን ያስፈልጋል። ጠየቅሁት። ጋሪውን ይዞ ቆመና «እማ፣ ፒኔን ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። ያሳለፍኩትን ልነግረው ስጀምር ሳሩን አራግፎ ሄደ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እጠይቀዋለሁ።